ልባችንና ትንፋሻችን ለማን ይታዘዛሉ?

(ድሬዳዋ ላይ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተነበበ ንግግር)




ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ስለ አንጎል፣ ስለ ልብና ስለ ትንፋሽ ነው። ከናንተ መካከል አንዳንዶቹ ርእሱን በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ባነበቡ ጊዜ «ይህ የጤና ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ የሒሳብና የምሕንድስና ተማሪ ምን ያገባዋል?» ሳይሉ አልቀሩም። ነገር ግን ልብ የሌለው ወይም የማይተነፍስ ተማሪ በየትኛውም የትምህርት ክፍል ተመዝግቦ ስላላየን ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል ብለን እናምናለን። ይልቁንም የምንማርባት ከተማ ድሬዳዋ በመሆንዋና ፈተናም እየቀረበ በመምጣቱ ነገሩ ይበልጥ ይመለከተናል። ለምን እንዲህ እንዳልን ወደ ኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

እስቲ ሁላችንም ጣታችንን በእጃችን አንጓ ላይ እናሳርፍ። ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህልም ይተነፍሳል። ይህን ያዘዘ ከመካከላችን ማን ነው? ማንም አላዘዘም። ተኝተን ሳለን እንኳ ሥራው አይቋረጥም። ደረጃ ስንወጣ ይፈጥናል፤ ስንቀመጥ ይረጋል። የእጃችንንና የእግራችንን እንቅስቃሴ እኛ እናዝዛለን፤ ልብንና ትንፋሽን የሚያዝዘው ግን ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ ሌላ አስተዳደር ነው።

የዚህ አስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚገኘው በአንጎል ግርጌ፣ አንጎል ከአከርካሪው ጅማት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው። ስፍራው የአንጎል ግንድ ይባላል፤ የታችኛው ክፍሉም ሜዱላ ይሰኛል። ከዚህ ወደ ልብ የሚወርዱት የነርቭ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሲምፓቴቲክ የሚባለው ሲሆን ልብን ያፋጥናል፤ የደም ሥርንም ያጠብባል። ሁለተኛው ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው፤ እርሱም ልብን ያረጋጋል። አንዱ ነጂ ሌላው ፍሬን ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ትንፋሽንም በተራ የሚያስመታ አንድ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ በዚያው በሜዱላ ውስጥ አለ። ይህን ስብስብ በ1991 ፌልድማንና የሥራ ባልደረቦቹ ለዓለም አስታወቁ፤ ስሙም ፕሪ-በትዚንገር ይባላል። በትዚንገር የሚለው ስም የተወሰደው ከአንድ የጀርመን የወይን ጠጅ ነው። እንግዲህ በየደቂቃው የሚያስተነፍሰን ክፍል የወይን ጠጅ ስም ተሸክሞ ይኖራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። እነዚህን ሁሉ የሚቈጣጠሩና መልእክት የሚያቀብሉ ብዙ የኬሚካል መልእክተኞች አሉ። ከነዚህ አንዱ ሴሮቶኒን ነው። የሴሮቶኒን ታሪክ የተጀመረው ከአንጎል አይደለም። ኤርስፓመር የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1930ዎቹ ዓመታት በአንጀት ውስጥ አግኝቶት ኤንተራሚን ብሎ ሰየመው። በ1948 ደግሞ ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ የተባሉ ሦስት ሰዎች በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከደም ውስጥ ለይተው አወጡት፤ የደም ሥርን የሚያጠብብ በመሆኑም ሴሮቶኒን አሉት። ኋላም ሁለቱ አንድ መሆናቸው ታወቀ። በአንጎልም ውስጥ መኖሩን በ1953 ያስታወቀችው ቤቲ ትዋሮግ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ናት። በ1964 ዳልስትሮምና ፉክሰ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት ሴሮቶኒን የሚሠሩት የአንጎል ሕዋሳት የት እንደሚገኙ በሥዕል አሳዩ። ሕዋሳቱ የተገኙት በአንጎል ግንድ መካከል፣ ግራና ቀኙ በሚገጥምበት መስመር ላይ ነበር። ስፍራው ራፌ ይባላል፤ በግሪክ ቋንቋ ስፌት ማለት ነው።

በሰው አንጎል ውስጥ ያሉት እነዚህ ሕዋሳት ጥቂት መቶ ሺዎች ብቻ ናቸው፤ አንጎሉ በሙሉ ግን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሕዋስ አለው። ቊጥራቸው ይህን ያህል ያነሰ ሲሆን ክራቸው የማይደርስበት የአንጎል ክፍል የለም። ከፊሎቹ ወደ ላይ ወጥተው እንቅልፍን፣ ስሜትንና የምግብ ፍላጎትን ይነካሉ። ከፊሎቹ ወደ ታች ወርደው የልብን ምት፣ የደም ሥርን፣ ትንፋሽንና የሰውነትን ሙቀት ይነካሉ። ስለዚህ ሴሮቶኒን «የደስታ ንጥረ ነገር ነው» ሲባል የምንሰማው አነጋገር ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚናገር ነው። ደስታችንን የሚነካው ያው መልእክተኛ ትንፋሻችንንም ይጠብቃል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንድንወጣ ቢፈቀድልን ይህን እንመርጣለን፤ አእምሮን ለማንቃት፣ ለማስደሰት ወይም ሕመምን ለማደንዘዝ የሚወሰድ ብዙ ነገር ልብንና ትንፋሽንም ሊነካ ይችላል።

«አንድ ንጥረ ነገር እንዴት ይህን ሁሉ የተለያየ ሥራ ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ በተቀባዮቹ ላይ ነው። እኛ በባቡር ከተማ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በ1902 የጅቡቲ ሐዲድ እዚህ በደረሰ ጊዜ ነውና ምሳሌውን ከባቡር እንውሰድ። ከአንድ ጣቢያ አንድ ቃል በቴሌግራም ለሁሉም ጣቢያ ተላለፈ እንበል። ቃሉ አንድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ጣቢያ የየራሱ የትእዛዝ መጽሐፍ አለው። በአንዱ መጽሐፍ ቃሉ «ባቡሩን ልቀቅ» ማለት ሲሆን በሌላው «ባቡሩን አቁም» ማለት ነው። ሴሮቶኒንም እንዲሁ ነው። ትእዛዙን የሚወስነው መልእክቱ ራሱ ሳይሆን ደርሶ የሚያርፍበት ተቀባይ ነው። የሴሮቶኒን ተቀባዮች በሰባት ቤተሰብ የተከፈሉ ሲሆኑ ቢያንስ 14 ዓይነት ናቸው። ለዛሬው ጉዳያችን አራቱ ይበቁናል።

የመጀመሪያው 1ኤ የሚባለው ነው። ይህ ተቀባይ በራሳቸው በሴሮቶኒን ሕዋሳት ላይ ተቀምጦ ሲበዙ ያስታግሣቸዋል። በአንጎል ግንድ ውስጥም የቫገስን ኃይል ከፍ፣ የሲምፓቴቲክን ኃይል ዝቅ ያደርጋል፤ በዚህም ልብ ይረጋል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። ሁለተኛው የ2 ቤተሰብ ነው፤ እርሱ ደግሞ በተቃራኒው በአንጎል ውስጥ ሲነካ ሲምፓቴቲክን ያነሣሣና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሦስተኛው የ3 ቤተሰብ ነው። ይህ ከልብና ከሳንባ ወደ አንጎል ወሬ በሚያመጡት የቫገስ ክሮች ጫፍ ላይ ይገኛል፤ በድንገት ሲነካ ልብ ይዘገያል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ትንፋሽም ለጊዜው ይቋረጣል። አራተኛው የ4 ቤተሰብ ሲሆን ቅድም በጠቀስነው በፕሪ-በትዚንገር ሕዋሳት ላይ ተቀምጦ የትንፋሹ ምት እንዳይደክም ያበረታል። እንግዲህ አንዱ መልእክተኛ በአንዱ ደጃፍ ሲገባ ልብን ያረጋጋል፤ በሌላው ሲገባ ያስፈነጥዛል።

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በ2006 በአሜሪካ የቦስተን ሐኪሞች በእንቅልፋቸው በድንገት የሞቱ ሕፃናትን አንጎል መርምረው በብዙዎቹ ግንድ ውስጥ የሴሮቶኒን ሥርዐት እንደተዛባና የ1ኤ ተቀባይም እንደቀነሰ አገኙ። በተኛ ሕፃን ደም ውስጥ የተቃጠለ አየር ሲበዛ አንጎሉ «ተነሥ፣ ተንፍስ» ብሎ ሊቀሰቅሰው ይገባ ነበር፤ ቀስቃሹ ግን ደክሞ ኖሯል። ሕፃን በጀርባው ይተኛ፣ ጭስ ባለበት ክፍል አይተኛ የሚለውን ምክር ይህ ያጠናክረዋል። ሁለተኛው ምሳሌ በ2003 በጀርመን አገር የተሠራ ነው። ሞርፊንን የመሳሰሉ ሕመም አደንዛዥ መድኃኒቶች ትንፋሽን እንደሚያዳክሙ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎቹ የ4ቱን ቤተሰብ ተቀባይ የሚያነቃ መድኃኒት ለአይጦች ሲሰጡ ሕመም ማደንዘዙ ሳይጠፋ ትንፋሻቸው ተመለሰ። ነገሩ በሰው ዘንድ የተለመደ ሕክምና አልሆነም፤ ሆኖም ትንፋሽ በምን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ በግልጽ አሳይቶናል።

አሁን ከቦስተንና ከጀርመን ወደ ቀፊራ ገበያ እንመለስ።

ጫትን ለመስደብ እዚህ አልቆምንም። ጫት የሐረርጌ ገበሬ ኑሮ ነው፤ በሰርግም በሐዘንም በጸሎትም ቦታ አለው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ለትምህርት የመጡት ወላጆቻቸው ጫት ሸጠው ባገኙት ገንዘብ ነው። ነገር ግን የሚወዱትን ነገር ጠባይ ማወቅ ነውር አይደለም። ፎርስኮል የተባለው ሊቅ በየመን አገር ተክሉን አጥንቶ ሞተ፤ ከሞተ በኋላ በ1775 በታተመው መጽሐፉ የዕፀዋት ሊቃውንት የሚጠሩበት ስም ወጣለት። ልክ ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከእርጥብ ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ወደ ካቲን ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሣው የጫት መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚበር፣ ቅጠሉም ለምን በእርጥብ ቅጠል እንደሚጠቀለል ምክንያቱ ይኸው ነው። ነጋዴው ከኬሚስቱ አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ካልክስ የተባለው የጄኔቫ ተመራማሪ በ1980ዎቹ ዓመታት እንዳሳየው ካቲኖን የሚሠራው በነርቭ ጫፎች ውስጥ የተከማቹትን መልእክተኞች በማስለቀቅ ነው። ይበልጡን የሚያስለቅቀው ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን ነው፤ ሴሮቶኒንንም ያስለቅቃል፤ ኃይሉ ግን በዚህ ላይ ያንሳል። ዶፓሚኑ ምርቃናውን ያመጣል። ኖርአድሬናሊኑ በሲምፓቴቲክ መንገድ ወርዶ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ሥርን ያጠብባል። በደም ውስጥ ያለው ካቲኖን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ነው። በየመን የተደረገ ምርመራ ጫት በሚቃምበት ጊዜ የደም ግፊትና የልብ ምት እየወጣ እንደሚሄድ፣ ካቆሙም በኋላ ወዲያው እንደማይወርድ አሳይቷል። በሌላ ጊዜም ተመራማሪዎቹ አቴኖሎል የተባለውን መድኃኒት አስቀድመው ሰጥተው በልብ ላይ ያለውን ተቀባይ ሲዘጉት የልቡ መፍጠን ቀነሰ። በዚህም አደጋው በየትኛው ደጃፍ እንደሚገባ ታወቀ።

«ወጣት ልብ ይችለዋል» የሚል ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ይችለዋል። ነገር ግን በ2002 እና በ2005 የየመን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ልባቸው በድንገት የሚታመም ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ጫት ቃሚዎች መሆናቸውን፣ አብዝቶ የሚቅመውም አደጋው የበለጠ መሆኑን፣ ሕመሙም ከሌላው አገር ልማድ ተለይቶ ከሰዓት በኋላና በማታ እንደሚነሣ ገልጿል። በአገራችንም በቡታጅራ ተደርጎ በ2010 የታተመው ጥናት ዘወትር የሚቅሙ ሰዎች የታችኛው የደም ግፊታቸው ከማይቅሙት ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል።

ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበን ጫቱ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። ለራስ ምታትም ሆነ ለምርቃና ትራማዶል የሚውጥ ሰው አለ። ትራማዶል ከሞርፊን ወገን ሆኖ ሳለ የተለቀቀውን ሴሮቶኒን ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ደግሞ ያግደዋል። ለጭንቀትና ለሐዘን በሐኪም የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲንም ሴሮቶኒንን በዚሁ መንገድ ያበዛል። ትራማዶልና ፍሉኦክሰቲን ሲገናኙ መልእክቱ በሁሉም ደጃፍ አንድ ጊዜ ይጎርፋል። ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቅበጠበጣል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ ይሮጣል። ጫት በዚያ ላይ ሲጨመር በሚሮጥ ፈረስ ላይ ጅራፍ ነው። እዚህ ላይ የከተማችንን ጠባይ እናስብ። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ወባ አለባት፤ በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኒያ ወረርሽኝ ገብቶባታል። ስለዚህ የጋለና የሚንቀጠቀጥ ሰው ሲመጣ ሁሉም የሚያስበው ትንኝን ነው። ቀኑን ሙሉ የዋጠውንና የቃመውን ካልተናገረ ማን ሊያውቅለት ይችላል?

ሌላም አለ። ትራማዶልንና ኮዴይንን የሚፈጨው በጉበት ውስጥ የሚገኝ አንድ ኤንዛይም ነው፤ ስሙም ሲዋይፒ-2ዲ6 ይባላል። ይህ ኤንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። በ1996 አገራችን ሰው ዶክተር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ የሚሆኑት የዚህ ኤንዛይም ዘር በእጥፍና ከእጥፍም በላይ እንዳላቸው ተገኘ። እንደዚህ ያለ ሰው ሌላውን የማይጎዳ አንድ ፍሬ ኮዴይን ሲውጥ ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ይሠራበትና ትንፋሹ ሊዳከም ይችላል። በ2015 ደግሞ በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት የዚህን ኤንዛይም ሥራ እንደሚያዳክም አሳየ። እንግዲህ ተመሳሳይ ክኒን የወሰዱ ሁለት ጓደኛሞች እንደ ዘራቸውና እንደ በርጫቸው ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊደርስባቸው ይችላል። «እኔ ወስጄው ምንም አልሆንኩም፤ አንተም ውሰድ» የሚለው የመኝታ ቤት ምክር ከንቱ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ስም መጠጥ ይጨመራል። ጫቱ ነቅቶ ያቆየው ሰው የመጠጡና የክኒኑ ድካም አይሰማውም፤ ጫቱ ሲለቅቀው ግን ትንፋሽ አዳካሚዎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ጓደኞቹም «ደክሞታል፣ ይተኛ» ብለው በሩን ዘግተውበት ይወጣሉ። ያ ሰዓት ነው አደገኛው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አራት አሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከመካከላችን ወደ ክሊኒክ የሚሄድ ሁሉ ምን እንደቃመ፣ መቼ እንደቃመና ምን ክኒን እንደወሰደ ሳይጠየቅ ይናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛ፤ ነገ ሐኪምና ነርስ የምትሆኑ ጓደኞቻችን ይህን ጥያቄ ሁሉንም ሰው ጠይቁ። ወንዱን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን፣ ወጣቱን ብቻ ሳይሆን አዛውንቱን ጠይቁ። ስትጠይቁም ሳትስቁና ሳትቆጡ ይሁን። የተሰደበ ሰው እውነቱን ይዞ ይመለሳል እንጂ አይነግራችሁም። ሐኪም ያዘዘለትን የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ጓደኛም ይህን ንግግር ሰምቶ መድኃኒቱን በገዛ እጁ እንዳያቋርጥ አደራ እንላለን። ሐኪሙን ያማክር፤ የሚተው ነገር ካለ ጫቱና ያልታዘዘው ክኒን ይቅደም።

ሦስተኛ፤ ማኅበራችን በፈተናው ሰሞን በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አንድ ጠረጴዛ ያኑር። የጤና ተማሪዎች በመምህራን ተቈጣጣሪነት የልብ ምትና የደም ግፊት ይለኩ። የማንም ስም አይጻፍ፤ ሰውየው ቊጥሩን በወረቀት ይዞ ይሂድ። ሌሊቱን በጫት ያጠና ሰው ጠዋት ላይ ልቡ ስንት እንደመታ በዐይኑ ቢያይ ከኛ ስብከት ይልቅ ያ ቊጥር ይመክረዋል።

አራተኛ፤ ጓደኛችን ደረቱን ከያዘው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ትንፋሹ ካጠረው ምርቃናው እስኪወርድ ድረስ አንጠብቅ። ክኒን ወይም መጠጥ ወስዶ ተኝቶ ትንፋሹ የዘገየ፣ ሲጠሩትም የማይነቃ ሰው ቢያጋጥመን በጎኑ እናስተኛው፣ ብቻውን አንተወው፣ ወደ ድል ጮራም ሆነ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ፈጥነን እናድርሰው። «ወላጆቹ ይሰሙበታል» ብሎ መፍራት ወላጆቹን ከዚያ ለባሰ ወሬ መዳረግ ነው።

የተከበራችሁ ጓደኞቻችን፤ ጥቂት ቦታ ብቻ የምትይዝ አንዲት የሕዋሳት ስፌት፣ እኛ ስንስቅም ስናዝንም ስናጠናም፣ ያለ ደመወዝ ልባችንንና ትንፋሻችንን ትጠብቃለች ብንል ማጋነን ነው፤ ብዙ ረዳቶች አሏትና። ነገር ግን ከጠባቂዎቹ አንዷ መሆንዋ የተረጋገጠ ነው። በብዙ ቅጠልና ክኒን አእምሮአችንን ስንነካ እርስዋንም ልንነካ እንችላለን። ይህን ዐውቆ የሚቅም ይቅም፣ የሚተውም ይተው፤ ፍርዱ የየራሱ ነው። ጓደኛውን በተዘጋ በር ውስጥ ጥሎ መሄድ ግን ለማናችንም የተፈቀደ አይደለም።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።